አንድ ስም፣ ብዙ ባሕርይ፦ በእጃችን ያሉት ባትሪዎች ምንና ምን ናቸው?

በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስም ሆነ በፍኖተ ሰላም የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ደጃፍ ስለ ባትሪ የሚነገረው ነገር እርስ በርሱ የሚጋጭ ነው። መብራት ደጋግሞ በሚጠፋበት ጊዜ ስልኩንም የቤቱንም አምፖል የሚያቆየው ፓወር ባንክና የሶላር ባትሪ በመሆኑ ፈላጊው ብዙ ነው፤ በዚያው ልክ ግን «ሊቲየም ይፈነዳል» የሚለው ስጋት፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ2025 በርካታ የውጭ አየር መንገዶች በፓወር ባንክ ላይ ደንባቸውን ካጠበቁ ወዲህ፣ አብሮ ተስፋፍቷል። «አዲስ ስልክ ስምንት ሰዓት ሙሉ ቻርጅ ሳይደረግ አይከፈትም»፣ «ባትሪ እስኪሞት ካልተጠቀሙበት ይሰንፋል»፣ «ሰክቶ ማደር ያቃጥለዋል» የሚሉት ምክሮችም ከአፍ ወደ አፍ ይተላለፋሉ።

ከእነዚህ ምክሮች አብዛኞቹ ከባዶ የተፈጠሩ አይደሉም። ችግሩ ለአንዱ ዓይነት ባትሪ የተነገረው እውነት ሳይመረመር ወደ ሌላው ዓይነት መሻገሩ ነው። «ባትሪ» የሚለው አንድ ቃል በሥሪታቸው፣ በዕድሜያቸውና በአደጋቸው ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ነገሮችን ይሸፍናል፤ ስለዚህ የትኛው ይሻላል ከማለት በፊት ከምን እንደተሠራና ለምን ዓይነት አገልግሎት እንደሚውል ማወቅ ያስፈልጋል።

የድንጋዩ ነገር

በጎጃም ገጠር «ባትሪ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የእጅ መብራቱ ነው፤ ውስጡ የሚገባው ደግሞ «የባትሪ ድንጋይ» ይባላል። በቡሬና በጃቢ ጠህናን በቆሎው ሲያሽት ጃርትና ከርከሮ ለመጠበቅ ማማ ላይ የሚያድረው ገበሬ የሚይዘው መብራት፣ እንዲሁም የቤቱ ሬዲዮ፣ ለብዙ ዘመን የሠሩት በዚሁ ድንጋይ ነው።

ርካሹና የተለመደው ድንጋይ ዚንክ ካርቦን የሚባለው ሲሆን፣ ዘሩ ፈረንሳዊው ዦርዥ ለክላንሼ እ.ኤ.አ. በ1866 ከሠራው ባትሪ ይመዘዛል። መጠቅለያው ሲገፈፍ የሚታየው ቆርቆሮ ዚንክ ነው፤ መሐሉ ላይ የቆመው ጥቁር ዘንግ ካርቦን፣ በሁለቱ መካከል የታጨቀው ጥቁር ዱቄት ደግሞ በአብዛኛው ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ነው። ባትሪው ኮረንት በሰጠ ቁጥር የሚበላው ራሱ የዚንኩ ቆርቆሮ ነው፤ ዕቃው ራሱ ማገዶ ነው ማለት ይቻላል። ያለቀ ድንጋይ ሬዲዮ ውስጥ ተረስቶ ሲከርም ቆርቆሮው ሳስቶ የሚበሳውና የሚወጣው ፈሳሽ የሬዲዮውን ሞላ የሚያዝገው በዚህ ምክንያት ነው።

የደከመን ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥቶ መልሶ መጠቀም የቆየ ልማድ ነው። ልማዱ የሚታይ ውጤት አለው። ሙቀት ኬሚካላዊ ሂደቱን ያፋጥናል፤ ዕረፍቱም በካርቦኑ ዙሪያ ተከማችቶ ሥራውን ያደናቀፈው ነገር እንዲበተን ጊዜ ይሰጣል። ሆኖም ፀሐይዋ ድንጋዩ ውስጥ አዲስ ጉልበት አትጨምርም፤ የቀረውን ጥቂት ጉልበት ቶሎ እንዲወጣ ብቻ ታደርጋለች። የሳሳውን ቆርቆሮ ማሞቅ ደግሞ መፍሰሱን ያቀርበዋል።

አልካላይን የሚባለውም ድንጋይ የተሠራው ከዚንክና ከማንጋኒዝ ነው። ልዩነቱ ዚንኩ በዱቄት መልክ መሐል ላይ መሆኑ፣ የውጩ ቆርቆሮ የማይበላ ብረት መሆኑና በውስጡ ያለው ፈሳሽ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ መሆኑ ነው። ይህ ለውጥ ብዙ ኮረንት በአንድ ጊዜ ለሚፈልግ መሣሪያ፣ ለጠንካራ የእጅ መብራትና ለልጆች መጫወቻ ለመሳሰሉት፣ የዋጋውን ብልጫ በሰዓት ሲሰላ አሳምሮ ይመልሳል። ለግድግዳ ሰዓትና ለቴሌቪዥን ሪሞት ግን ርካሹ ይበቃል፤ እነዚህ የሚስቡት እጅግ ጥቂት ስለሆነ ባትሪው የሚያረጀው በሥራ ሳይሆን በዕድሜ ነው። ሁለቱም ድንጋዮች ለአንድ ጊዜ ብቻ የተሠሩ ናቸውና ቻርጀር ላይ መሰካት የለባቸውም።

ከኒኬል ዘመን የተወረሱ ምክሮች

በድንጋይ ቅርጽ የተሠሩ፣ ግን ደጋግመው የሚሞሉ ባትሪዎችም አሉ። የቀደመው ኒኬል ካድሚየም ነው፤ ስዊድናዊው ቫልደማር ዩንግነር እ.ኤ.አ. በ1899 የፈጠረው ነው። ካድሚየም መርዛማ ብረት በመሆኑና አቅሙም ዝቅተኛ ስለሆነ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ቦታውን ለኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ለቋል።

«እስኪሞት ተጠቀምበት» የሚለው ምክር ትክክለኛ ባለቤት ይህ ቤተሰብ ነው። ኒኬል ካድሚየም በተደጋጋሚ ግማሽ ላይ እየተቋረጠ ከተሞላ ከዚያች ነጥብ በኋላ ቮልቴጁ ቶሎ የሚወርድበት ባሕርይ ነበረው፤ ባትሪው የተለመደበትን ቦታ «አስታወሰ» ይባል ነበር። የመጀመሪያው ረጅም ሙሌትም የዚያ ዘመን መመሪያ ነው፤ ለወራት መጋዘን የቆየ የኒኬል ባትሪ ባዶውን ይመጣ ስለነበርና ቻርጀሮቹም ዘገምተኛ ስለነበሩ ሰዓቱ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ በኪሳችን ያለው ስልክ ሊቲየም አዮን ነው። እርሱ ይህን አያስታውስም፤ እንዲያውም ደጋግሞ ዜሮ ድረስ ማውረድ ይጎዳዋል።

ኒኬል ሜታል ሃይድራይድን በተመለከተ ሌላ ክርክር አለ። ላዩ ላይ 1.2 ቮልት ስለሚል፣ 1.5 ቮልት ለሚፈልግ መሣሪያ አይሆንም የሚሉ ሻጮችና ገዢዎች ጥቂት አይደሉም። ስጋቱ በከፊል ትክክል ነው፤ አንዳንድ ያረጁ መሣሪያዎች ይህን ዝቅተኛ ቮልቴጅ ባትሪው ያለቀ አድርገው ይወስዱታል። ነገር ግን የተራው ድንጋይ 1.5 ቮልት የመጀመሪያው ደቂቃ ቁጥር ነው፤ ከዚያ እስከ 0.9 ድረስ ያለማቋረጥ ያሽቆለቁላል። የኒኬሉ ግን አብዛኛውን ጉልበቱን እስኪጨርስ ከ1.2 ብዙም አይርቅም፤ ስለዚህ በየምሽቱ ለሚሠራ ሬዲዮ የተሻለው ምርጫ ይህ ይመስለኛል፣ ቤቱ ውስጥ መሙያ እስካለ ድረስ። አሮጌው ዓይነት ሳይሠራ ቢቀመጥ በወር ውስጥ ከያዘው ሩብ ያህሉን ያጣ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ የመጣው፣ ይዞ የመቆየት አቅሙ የተሻሻለው ዓይነት ከዓመት በኋላም አብዛኛውን ይዞ ይገኛል።

20,000 የሚለው ቁጥር

ገዢን ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው በፓወር ባንክ ላይ የሚጻፈው የሚሊ አምፒር ሰዓት ቁጥር ነው። ሚሊ አምፒር ሰዓት አንድ ባትሪ ምን ያህል ኮረንት ለስንት ሰዓት እንደሚሰጥ ይለካል፤ በምን ያህል ቮልቴጅ እንደሚሰጥ ግን አይናገርም። እውነተኛው የጉልበት መለኪያ ሁለቱን አባዝቶ የሚገኘው ዋት ሰዓት ነው።

በሐቅ የተሠራ 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ፓወር ባንክ እንውሰድ። ቁጥሩ የተለካው በውስጡ ባለው የሊቲየም ባትሪ ቮልቴጅ፣ በ3.7 ቮልት ነው፤ ስለዚህ የያዘው ጉልበት (10 አምፒር ሰዓት በ3.7 ሲባዛ) 37 ዋት ሰዓት ነው። በገመዱ የሚወጣው ግን 5 ቮልት ስለሆነ፣ ያው ጉልበት በዚያ ቮልቴጅ ሲቆጠር 7,400 ይሆናል፤ በመለወጥ ሂደት ወደ ሙቀት የሚሄደው ሲቀነስ ደግሞ ወደ 6,000 እና 6,500 መካከል ይወርዳል። የስልኩም ቁጥር የሚለካው በራሱ ባትሪ ዝቅተኛ ቮልቴጅ እንጂ በ5 ቮልት ስላልሆነ፣ 5,000 የሚይዝን ስልክ አንድ ጊዜ ሞልቶ ለሁለተኛው ግማሽ ያህል ቢተርፈው የጠበቀውን ሠራ ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ስላልሞላ ብቻ «ፌክ ነው» ማለት ተገቢ አይደለም።

እውነተኛው ማጭበርበር ሌላ ቦታ ነው፤ እርሱን ደግሞ ሚዛን ያጋልጠዋል። ዛሬ ለገበያ የሚቀርብ ጥሩ የሊቲየም አዮን ባትሪ በአንድ ኪሎ ግራም የሚይዘው ከ150 እስከ 250 ዋት ሰዓት አካባቢ ነው። 30,000 የተጻፈበት ፓወር ባንክ 111 ዋት ሰዓት ይዟል እያለ ነውና ባትሪው ብቻውን፣ ሽፋኑና ሰሌዳው ሳይቆጠር፣ ከ400 ግራም በላይ መመዘን አለበት። ያ ዕቃ በቅመም ሚዛን ላይ ተቀምጦ 200 ግራም ቢያወጣ ክርክሩ አልቋል። በእጅ መብራቶችና በፓወር ባንኮች ውስጥ የሚገባው፣ ውፍረቱ 18 ቁመቱ 65 ሚሊ ሜትር የሆነው ሲሊንደር ባትሪም እንዲሁ ነው፤ ከምርጥ ፋብሪካ የወጣው እንኳ ከ3,500 ሚሊ አምፒር ሰዓት ብዙም አይዘልም፤ ላዩ ላይ 9,900 የሚል ቁጥር ካለበት ቁጥሩ ሐሰት ነው። ክብደት ለማሟላት አሸዋ የተሞላባቸው ሐሰተኛ ፓወር ባንኮች በተለያዩ አገሮች ተከፍተው ታይተዋልና፣ ሚዛኑ ቀላሉን ይጥላል እንጂ ከባዱን ሁሉ አያጸድቅም።

ሊቲየምም አንድ አይደለም

ሊቲየም አዮን የሚለው ስም የቤተሰብ ስም ነው። ሊቲየም ሲሞላና ሲወጣ ከአንዱ ዋልታ ወደ ሌላው ይመላለሳል፤ ዋልታዎቹ የተሠሩበት ነገር ግን ይለያያል። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ኮባልት ያለበት ነበር፤ የስልክና የላፕቶፕ ባትሪዎች ዛሬም በአብዛኛው ከዚህና ከቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። በትንሽ ቦታ ብዙ ጉልበት ይይዛሉ፤ ነገር ግን በተለመደው መለኪያ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ሙሉ ከተሞሉና ከወረዱ በኋላ አቅማቸው ወደ 80 በመቶ ይወርዳል። የአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለሚሸጡ ስልኮች ይህ ከ800 ዙር በታች እንዳይሆን ደንግጓል። ለቴክኖሎጂው መሠረት የጣሉት ጆን ጉዲናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

ሁለተኛው ሊቲየም ብረት ፎስፌት ነው፤ ከጉዲናፍ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የወጣ ነው። ቮልቴጁ 3.2 ነው። በተመሳሳይ ክብደት የሚይዘው ያነሰ በመሆኑ ለቀጭን ስልክ አይመችም፤ ግን ከ2,000 ዙር በላይ ይሠራል፣ ሙቀትንም በተሻለ ይቋቋማል። ለሶላር ፋኖስና ለቤት መብራት የሚመረጠው ለዚህ ነው። ሁለቱ ዓይነቶች በመልክ አንድ ሆነው ሳለ የሚሞሉበት ጣሪያ ግን የተለየ ነው፤ የኮባልቱ ወገን 4.2፣ ብረት ፎስፌቱ 3.65 ቮልት ላይ መቆም አለበት። የፋኖስ ባትሪ ሞቶ «ሊቲየም ነው» ተብሎ በሌላው ሲተካ መብራቱ በሳምንታት ውስጥ የሚበላሸው ወይም ጭራሽ የማይሞላው ብዙ ጊዜ በዚህ ስሕተት ነው።

የጎጃም ክረምትና የሶላር ባትሪ

የባትሪ ምርጫ ከአየር ጠባይ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ለቤት ሶላር ብዙ ሰው የሚገዛው አሁንም የመኪና ባትሪ ዘመድ የሆነውን የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ነው፤ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 የፈጠረው ነው። ርካሽ ነው፣ በየወረዳው ይገኛል፣ ባሕሪውንም የማያውቅ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የለም።

ድክመቱ ግማሽ ሙሌትን አለመውደዱ ነው። ባትሪው ሲወርድ በሳህኖቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት የሚባል ደቃቅ ነገር ይጣበቃል፤ ቶሎ እስከ ጫፍ ከተሞላ ተመልሶ ይሟሟል። ለቀናትና ለሳምንታት ሳይሞላ ከቆየ ግን ደቃቁ እየተጋገረ ወደ ጠንካራ ክሪስታል ይለወጣል፤ ያ የሳህኑ ክፍል ከዚያ በኋላ ሥራ የለውም። ይህ ሰልፌሽን ይባላል።

ከሰኔ እስከ መስከረም የጎጃም ሰማይ ምን እንደሚመስል መናገር አያስፈልግም። የበጋውን ፀሐይ አስቦ የተገዛ ፓነል በሐምሌ የሚያመጣው ጥቂት ነው፤ ቤተሰቡ ግን በዚያው ወር፣ ቀኑ በደመና ስለሚጨልም፣ መብራቱን አብዝቶ ይፈልገዋል። ባትሪው ሦስት ወር ሙሉ ሳይሞላ ይከርማል። በመስከረም ሰማዩ ሲጠራ ፓነሉ በደንብ ይሠራል፤ ባትሪው ግን በግማሽ ሰዓት ሞላ ይልና በአንድ ሰዓት ያልቃል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በሻጩ ወይም በፓነሉ ላይ ይለጠፋል፤ የተከሰተው ግን በአብዛኛው ሰልፌሽን ነው።

ሊቲየም ብረት ፎስፌት ግማሽ ላይ መክረምን አይጠላም፤ እንዲያውም ይመቸዋል። የእርሳሱ ባትሪ እንዲከርም ከተፈለገ ከአቅሙ ግማሽ በላይ ባይወሰድበት ይመከራል፤ ከሊቲየሙ ግን ከ80 በመቶ በላይ መጠቀም ይቻላል። ስለዚህ የሁለቱን ዋጋ በላያቸው ባለው የአምፒር ሰዓት ቁጥር ብቻ ማወዳደር ያሳስታል።

በሌላ ወገን ያሉት የሚያነሱት መከራከሪያ ግን ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው ክፍያ ከባድ ነው። በሊቲየሙ ውስጥ ያለው የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ከተቃጠለ በወረዳ ደረጃ የሚጠግነው አይገኝም፤ ያረጀ የእርሳስ ባትሪ ግን እርሳሱ ስለሚፈለግ ለቁራሌውም ቢሆን ዋጋ አለው። ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሞላ ይጎዳል የሚለውም እውነት ነው፤ ቢሆንም በጮቄ ተዳፋት እንኳ ውርጭ የሚወርደው በሌሊት፣ ሶላር የሚሞላው በቀን በመሆኑ ይህ ለእኛ እምብዛም አያሳስብም። በእኔ ግምት በየምሽቱ ለሚሠራ የቤት መብራት ሊቲየም ብረት ፎስፌት ወጪውን ይመልሳል፤ መብራት ሲጠፋ ብቻ ለሚፈለግና ሌላውን ጊዜ ከመስመር ተሰክቶ ሙሉ ለሚቆይ መጠባበቂያ ግን የእርሳሱ ባትሪ አሁንም ምክንያታዊ ምርጫ ነው።

«ይፈነዳል» የሚለው ስጋት

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 2013 የኢትዮጵያ አየር መንገድ «ንግሥተ ሳባ» የተባለች ቦይንግ 787 በለንደን ሂትሮው ባዶዋን ቆማ ሳለ ጣሪያዋ ላይ እሳት ተነሣ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ የ787 አውሮፕላኖች በሙሉ በትልልቅ የሊቲየም አዮን ባትሪዎቻቸው ምክንያት ከበረራ ታግደው ስለነበር ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ተረዳ። የብሪታንያ መርማሪዎች ያገኙት ግን ሌላ ነበር፤ እሳቱ የተነሣው ለአደጋ ጊዜ ምልክት ከሚልከው መሣሪያ ውስጥ ካለው፣ የማይሞላ የሊቲየም ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ባትሪ ሲሆን፣ ሽቦዎቹ በክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው ነበር። ስሙ አንድ ቢሆንም ባትሪውም ምክንያቱም የተለየ ነበር።

በስልክና በፓወር ባንክ የሚያሰጋው ሂደት ይህን ይመስላል። በሁለቱ ዋልታዎች መካከል ከወረቀት የሳሳ መለያ አለ። በፋብሪካ ጉድለት፣ በመጨፍለቅ፣ በመወጋት ወይም ከመጠን በላይ በመሙላት ዋልታዎቹ ከተነካኩ ሙቀት ይፈጠራል፤ ሙቀቱ ተጨማሪ ሙቀት የሚሰጥ ሂደት ይቀሰቅሳል፤ ፈሳሹም ተቀጣጣይ ነው። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2016 ጋላክሲ ኖት 7ን ከገበያ የሰበሰበው በእንዲህ ያለ ጉድለት ነው። ብረት ፎስፌቱ ወደዚህ ደረጃ የሚደርሰው በበለጠ ከፍተኛ ሙቀት በመሆኑ አደጋው ያነሰ ነው፤ ጨርሶ አይቃጠልም ግን አይባልም።

አየር መንገዶች ፓወር ባንክ በተሳፋሪው ክፍል እንጂ በሚጫነው ሻንጣ እንዳይገባ የሚያዙት ጭስ ቢነሣ ታይቶ እንዲጠፋ ነው። የተለመደው ጣሪያ 100 ዋት ሰዓት ነው፤ ይህም ወደ 27,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ይሆናል፤ ከዚያ በላይ እስከ 160 ድረስ ፈቃድ ይጠይቃል። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም ያልተጻፈበት ዕቃ ሊወረስ ይችላል።

በቤት ውስጥ ግልጹ ማስጠንቀቂያ እብጠት ነው። የስልኩ ጀርባ እንደ ቦካ ሊጥ ተነፍቶ መስታወቱን ሲገፋ ውስጡ ጋዝ ተፈጥሯል ማለት ነው። በመርፌ ማስተንፈስ ወይም ተጭኖ መልሶ መግጠም እሳት መጥራት ነው። ለረጅም ጊዜ ባዶውን የከረመ ባትሪን በውጭ ኃይል አስገድዶ ማስነሣትም ከዚህ አይለይም፤ ከ2.5 ቮልት እጅግ በታች ወርዶ የቆየ ባትሪ ውስጥ መዳብ ሊሟሟ ስለሚችል ኋላ ሲሞላ ዋልታዎቹን ሊያገናኝ ይችላል።

ሰክቶ ስለ ማደር

አንደኛው ወገን ስልኩ ሲሞላ ራሱ ያቆማል ይላል፤ ትክክል ነው። ሌላው ወገን ባትሪው በጣሪያው ቮልቴጅ ላይ ረጅም ሰዓት መቆየቱ ያስረጀዋል ይላል፤ ይህም ትክክል ነው። ከሁለቱ በላይ የሚጎዳው ግን ሙቀት ነው፤ በግምታዊ ሕግ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእርጅናው ፍጥነት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ በደብረ ማርቆስ ብርድ ጠረጴዛ ላይ ተሰክቶ ያደረ ስልክና በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ትራስ ሥር ያደረው እኩል አይደሉም። ከ20 እስከ 80 በመቶ ባለው መካከል መጠቀም ዕድሜ ያራዝማል፤ ነገር ግን መብራት መቼ እንደሚመጣ ለማይታወቅበት ቤት ሲመጣ እስከ 100 መሙላት ያልተገባ አይደለም። ያኔ ባትሪውን ለማቆየት ሲባል ስልክ አልባ መሆን ትርፉ አይታየኝም።

ያለቀው ባትሪ ወዴት ይሄዳል?

በቅርቡ ወደ ገበያ የመጡት ዓይነቶች፣ ከግራፋይት ጋር ሲሊከን የተቀላቀለባቸው የስልክ ባትሪዎችና ከጨው ንጥረ ነገር የሚሠሩት የሶዲየም ባትሪዎች፣ የምርጫውን ዝርዝር ያረዝሙታል እንጂ የማስወገዱን ጥያቄ አያቃልሉትም። የመኪናው ባትሪ ገዢ ስላለው ይሰበሰባል፤ ድንጋዩና የስልኩ ባትሪ ግን ከቤት ቆሻሻ ጋር ወደ ጉድጓድ ወይም ወደ እሳት ይሄዳሉ። ቀድሞ በየትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ያለቀ ድንጋይ ሰባብረው በጥቁሩ ዱቄት ሰሌዳ ያጠቁሩ ነበር፤ የማንጋኒዝ ብናኝ ለረጅም ጊዜ ሲተነፈስ የነርቭ ሥርዓትን የሚጎዳ በመሆኑ ያ ሥራ ለሕፃናት እጅ አልነበረም። ያበጠ የሊቲየም ባትሪ ደግሞ መሰብሰቢያ እስኪገኝለት ድረስ ሁለቱ ጫፎቹ በፕላስተር ተሸፍነው፣ ደረቅ አሸዋ በያዘ የብረት ጣሳ ውስጥ፣ ከማገዶና ከጭድ ርቆ ከቤት ውጭ ቢቀመጥ ይሻላል።